ከሪሚክሱ ወደ ባንዱ፦ ፕሮፓጋንዳን በ“ዊሽፉል ቲንኪንግ” በኩል እንዴት እንደምታገኟቸው

ፕሮፓጋንዳ በ1982 በጀርመኗ ዱሰልዶርፍ የተመሠረተ የሲንዝ-ፖፕ ባንድ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሰማንያዎቹ የሲንተሳይዘር ሙዚቃ ሲነሳ ዲፔሽ ሞድ፣ ሂዩማን ሊግና ፔት ሾፕ ቦይስ ወዲያው ይጠራሉ፤ ፕሮፓጋንዳን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ሙዚቃቸው ስለሚያንስ አይደለም። በሐምሌ 1985 “ኤ ሲክሬት ዊሽ” የተባለ አልበም አወጡ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ደግሞ ይኸው ሥራ ተፈትቶ እንደገና የተገጣጠመበት “ዊሽፉል ቲንኪንግ” የሚባል የሪሚክስ አልበም ተከተለ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ቆጥሮ ያልፈዋል። ይህን ባንድ ለማወቅ ግን ከሪሚክሱ መነሳት ይሻላል፤ በሥርዓት ከተደመጠ ብቻ።

ምክንያቱ ከአባላቱ ይጀምራል። ራልፍ ዶርፐር የመጣው “ዲ ክሩፕስ” ከሚባለውና ብረት ለብረት የሚያማታ ኃይለኛ የኢንዱስትሪያል ሙዚቃ ከሚጫወት ቡድን ነው። ሚካኤል ሜርተንስ በዱሰልዶርፍ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የምት መሣሪያዎች ተጫዋች ነበር። አንድርያስ ታይንና ሱዛነ ፍራይታግ ከመሥራቾቹ ናቸው፤ ዋናዋ ድምፃዊት ክላውዲያ ብሩከን በኋላ ተቀላቀለች። ዋናውን አልበም ስትሰሙ ጆሯችሁ የክላውዲያን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው የምት አሠራር፣ ማለትም የባንዱ ዋና ሐሳብ፣ ከኋላ ይቀራል። ሪሚክሱ ድምፅን ያነሳና አጥንቱን ያወጣዋል። የሬጌ ደብ የለመደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ በጃማይካዋ ኪንግስተን የድምፅ ባለሙያው ኪንግ ተቢ በሰባዎቹ መጀመሪያ ዘፈኑን አንስቶ ቤዝና ድራም ብቻ ሲያስቀር ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቅጂ ማግኘት

የመጀመሪያው ችግር ፍለጋው ላይ ነው። “ፕሮፓጋንዳ” የሚለውን ስም የያዙ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው፤ በዚሁ ስም የሚታወቅ አሜሪካዊ ራፐርም አለ። የማዳመጫ አፖች አንዳንዴ የሁሉንም ሥራ በአንድ ገጽ ላይ ያጭቁታል። ስለዚህ በባንዱ ስም አትፈልጉ። የአልበሙን ርዕስና የሌብሉን (የአሳታሚ ኩባንያውን) ስም፣ ዜድ ቲ ቲን፣ አንድ ላይ ጻፉ። የሙዚቃ ቅጂዎች ዝርዝር የሚገኝበት ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አርቲስቶች በቅንፍ ቁጥር ስለሚለዩ፣ ከዱሰልዶርፍ የሆነውን መምረጣችሁን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ችግር “ኤ ሲክሬት ዊሽ” ራሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በ1985 የወጣው ሲዲና ሸክላው ይለያያሉ፤ ሲዲው ላይ አንዳንዶቹ ዘፈኖች በተራዘመ ቅንብር ገብተዋል። ይህ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ቦታ አለው። ሪሚክሱን ከዋናው ጋር ስታነጻጽሩ “ዋናው” የምትሉት ራሱ የተራዘመ ቅንብር ከሆነ፣ ሪሚክሱ ምን እንደጨመረ ልታውቁ አትችሉም። ለመነሻ የሸክላውን ቅጂ ያዙ፤ የሸክላው የካታሎግ ቁጥር ዜድ ቲ ቲ አይ ኪው 3 ነው። በ2010 የወጣው የ25ኛ ዓመት እትምም አለ፤ እሱ ተጨማሪ ቅንብሮች ስላሉት ለኋላ ይቀመጥ።

ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ሸክላ መግዛት አያስፈልግም፤ ጥሩ ፋይል ይበቃል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ 45 ደቂቃ ያህል የሚረዝም አልበም በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ 43 ሜጋባይት አካባቢ፣ በ320 ኪሎቢት 108 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ ፍላክ (የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ የሚጨመቅ ፋይል) ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ250 በላይ ይሄዳል። 128ቱን አንመክርም። ይህ ሙዚቃ በሲምባልና በአጫጭር የብረት ድምፆች የተሞላ ነው፤ ፋይል ሲጨመቅ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱው ነው፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይድበሰበሳል። 320ው በቂ ነው።

ሸክላ የሚፈልግ፣ በተለይ ጀርመን የሚኖር፣ ዕድለኛ ነው። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው “ዶክተር ማቡዘ” በ1984 ጀርመን ውስጥ እስከ 7ኛ ደረጃ ስለደረሰ ያረጁ ቅጂዎች በፍሎማርክት (ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ) እና በአሮጌ ዕቃ ሱቆች ይገኛሉ። ሲገዙ ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በጥፍር ሲነካ የማይሰማ ጭረት ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ የሚሰማው ግን በየዙሩ ይንኳኳል።

የመጀመሪያው ማዳመጥ

“ዊሽፉል ቲንኪንግ”ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ፣ በሄድፎን፣ አንድ ጊዜ ስሙት። ዋናውን አልበም ገና አትክፈቱ። ከስልክ ስፒከር ጋር አይሆንም፤ የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ቤዝ ጨርሶ አያወጣውም፣ የምትፈልጉት ደግሞ እዚያ ነው። ሹፍል ጠፍቶ፣ ዘፈን ከዘፈን የሚያቀላቅለው ክሮስፌድም ጠፍቶ ይሁን። ይህ አልበም ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ስለሆነ፣ ክሮስፌድ ከበራ አፑ የሠራውን ሽግግር ባንዱ የሠራው ይመስላችኋል።

በዚህ ዙር ቃላቱን ለመረዳት አትሞክሩ። ድምፃዊያኑ የሚመጡት በቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ሐረግ ይመጣል፣ ይደገማል፣ ይጠፋል። ልብ የምትሉት ምት ምን ጊዜ እንደሚለወጥ ነው። የዳንስ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ስምንት ባር ይከፈላል፤ አንድ ባር አራት ምት ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እግራችሁ እንደመታ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንድ ባር 2 ሰከንድ፣ ስምንት ባር 16 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ በየ16 ሰከንዱ አንድ ነገር ይገባል ወይም ይወጣል ብላችሁ ጠብቁ። ለውጡ ከዚያ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሲመጣ፣ ቀላቃዩ ሆን ብሎ ያደረገው ነውና ደቂቃውንና ሰከንዱን በወረቀት ላይ ጻፉት። በአንድ ዘፈን አራት አምስት ምልክት ይበቃል። ከዚህ በላይ ከጻፋችሁ ማዳመጥ ትታችሁ መመዝገብ ጀምራችኋል።

የትኛው ከየት እንደመጣ

የሪሚክሱ ርዕሶች ከዋናዎቹ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው። “አቢዩዝ” የመጣው ከ“ዶክተር ማቡዘ” ነው። “ማሽንድ” ከ“ፒ ማሽነሪ”፣ “ላፍድ” ከ“ሶሪ ፎር ላፊንግ”፣ “ላቪንግ” እና “ላቭድ” ሁለቱም ከ“ዘ መርደር ኦቭ ላቭ” የተወለዱ ናቸው። “ጁወልድ” የሚመራው ወደ “ጁወል” ነው፤ በእሱም በኩል ወደ “ዱኤል”።

ሁለተኛውን ዙር በጥንድ በጥንድ ስሙ፤ መጀመሪያ ሪሚክሱን፣ ወዲያው ዋናውን። ከ“ማሽንድ” ጀምሩ። “ፒ ማሽነሪ” እንደ ጥሩምባ የሚያስተጋባ ትልቅ የሲንተሳይዘር መሪ ዜማ አለው፤ በቀላሉ ስለማይሳት እሱን እንደ ምልክት ይዛችሁ የቀረው የት እንዳለ ትፈልጋላችሁ። “አቢዩዝ”ን ሁለተኛ አድርጉት። “ዶክተር ማቡዘ” በ1922 ፍሪትስ ላንግ በፊልም ባሳየው ሰዎችን በዓይኑ አደንዝዞ በሚያዝ ወንጀለኛ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ትሬቨር ሆርን ስለሆነም ቅንብሩ ከሌሎቹ ይልቅ የተጨናነቀ ነው። የተቀረውን አልበም የሠራው ስቲቨን ሊፕሰን ነው፤ የእሱ እጅ ሰፋ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሁለቱን ተከታትላችሁ ስትሰሙ የሁለት ፕሮዲውሰሮች ልዩነት ይለያችኋል። ይህን ልዩነት ዋናው አልበም በጥሩ አጨራረስ ሸፍኖታል።

“ሶሪ ፎር ላፊንግ” ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዘፈኑ የባንዱ አይደለም። ከኤድንብራ የሆነው ጆሴፍ ኬ የተባለ የጊታር ባንድ ሥራ ነው። ስለዚህ “ላፍድ” የሪሚክስ ሪሚክስ ያህል ነው። የጆሴፍ ኬን ስሙና ተመለሱ፤ ሻካራ የጊታር ዘፈን ወደ ማሽን ምት ሲዞር ፕሮፓጋንዳ ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚያስቀር በግልጽ ይታያል።

“ዱኤል” እና “ጁወል”፦ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ሌላውን ሁሉ በችኮላ ብታልፉ እንኳ ይህን ጥንድ አትለፉት። በዋናው አልበም ላይ “ጁወል” እና “ዱኤል” ተከታትለው ይመጣሉ። ሁለቱ አንድ ዘፈን ናቸው። “ዱኤል” ላይ ክላውዲያ ብሩከን ዜማውን ለስላሳ አድርጋ ታዜማለች፤ ሬድዮ ላይ የሚሄድ ፖፕ ነው፤ በ1985 እንግሊዝ ውስጥ 21ኛ ደረጃ ደርሷል። “ጁወል” ላይ ያው ቅንብር ቆዳው ተገፎ ነው የሚመጣው፤ ከበሮው ይደበድባል፣ ድምፁ ወደ ጩኸት ይሄዳል። ማለትም ይህ ባንድ ሪሚክሱን ገና ከዋናው አልበም ውስጥ ጀምሮታል፤ “ዊሽፉል ቲንኪንግ” ከውጭ የተጫነ ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። “ዱኤል”ን ስሙና አንድ ነገር ብቻ ተከተሉ፤ ቤዙን። ዜማው ሲጀምር ጆሯችሁ ይሸሻል፤ መልሱት። ከዚያ “ጁወል”ን አስከትሉና ያንኑ ቤዝ ፈልጉት። ካገኛችሁት በኋላ ወደ “ጁወልድ” ሂዱ። አሁን ሦስቱ ቅንብሮች በምን ተራ እንደተራቆቱ ይገባችኋል። ቤዙን ካጣችሁት ሄድፎኑ ላይ ያለውን የቤዝ ማጉያ አጥፉት፤ ማጉያው ዝቅተኛውን ድምፅ ሁሉ ወደ አንድ ጉርምርምታ ስለሚያጠቃልለው ኖታዎቹ ይጠፋሉ። ብዙ ሰው ቤዝ ለመስማት ማጉያውን ያበራል፤ የሚያገኘው ግን ንዝረት ብቻ ነው።

ጎን ለጎን ማነጻጸር በኦዳሲቲ

ይህ ለሚፈልግ ብቻ ነው፤ ግን ያላችሁ ቅጂ የትኛው እንደሆነ ሲያጠራጥር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ኦዳሲቲ ድምፅ ማረሚያ ነፃ ፕሮግራም ነው።

ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ክፈቷቸው። ከሁሉ በፊት ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ኋላ የወጡ ሪማስተሮች (ድምፃቸው እንደገና ተስተካክሎ የታተሙ ቅጂዎች) ብዙ ጊዜ ከሰማንያዎቹ ሲዲዎች ጎላ ያሉ ናቸው፤ ጆሮ ደግሞ ጎላ ያለውን ሁልጊዜ “የተሻለ” ይለዋል። ሁለቱንም መርጣችሁ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚለውን ኢፌክት ስጧቸው፤ ሲከፈት የሚያሳየው ቁጥር 23 ነው፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለ፤ እንዳለ ተዉት። ይህን ያልሠራ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ሁለት ፋይሎች በተለያየ ስም ወጥተው በእርግጥ አንድ ቅንብር መሆናቸውን ለማረጋገጥ፣ ኖርማላይዜሽኑን ከጨረሳችሁ በኋላ፣ የመጀመሪያውን የድራም ምት አጉልታችሁ አንዱን በአንዱ ትክክል ግጠሙ፤ ከዚያ አንደኛውን በኢንቨርት ኢፌክት ገልብጡና ሁለቱን አንድ ላይ አጫውቱ። ፍጹም ዝምታ ከመጣ አንድ ናቸው። እንደ ሹክሹክታ ያለ ቀሪ ድምፅ ብቻ ከተሰማ አንድ ቅንብር ሆነው በኤምፒስሪ ጭመቃ የተለያዩ ናቸው። ሙሉ ሙዚቃ ከተሰማ ግን ችኩል ፍርድ አትስጡ። ሊሆን የሚችለው ሦስት ነገር ነው፦ ቅንብሩ በእርግጥ ሌላ ነው፤ ወይም ከቴፕ የተገለበጠበት ጊዜ ይለያያልና ፍጥነታቸው በጥቂቱ አይገጥምም፤ ወይም አገጣጠሙ ስህተት ነው። ኤምፒስሪ ፋይል ሲሠራና ሲከፈት መጀመሪያው ላይ ወደ 25 ሺህኛ ሰከንድ የሚጠጋ ዝምታ ሊጨመርበት ስለሚችል፣ ፍላክን ከኤምፒስሪ ጋር በዜሮ ላይ ብቻ ብታስቀምጧቸው አይገጣጠሙም። መጀመሪያው ገጥሞ መሃል ላይ እየተራራቀ ከሄደ ችግሩ ፍጥነት ነው፤ መጀመሪያውም ካልገጠመ አገጣጠሙን ድገሙት።

ከሸክላ የተቀዱ ፋይሎች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ረጃጅም ሪሚክሶች የሚወጡባቸው ባለ 12 ኢንች ሸክላዎች አንዳንዱ በ45፣ አንዳንዱ በ33 ዙር ይጫወታል። የ45ቱ በ33 ከተቀዳ ፍጥነቱ ከሩብ በላይ ይቀንሳል፣ ድምፁም ከአምስት ሰሚቶን (ከአምስት ግማሽ ቃና) በላይ ይወርዳል። የዚህ ባንድ ሙዚቃ ጨለም ያለ ስለሆነ ዘገምተኛው ቅጂ “ልዩ ሪሚክስ” መስሎ ሊያሳስት ይችላል። መለያው የክላውዲያ ድምፅ ነው፤ የወንድ የሚመስል ከሆነ ፋይሉ ተበላሽቷል። ኦዳሲቲ ላይ ፍጥነቱን በ35 በመቶ ስትጨምሩት ይስተካከላል።

ከዚያ በኋላ

አሁን “ኤ ሲክሬት ዊሽ”ን ሙሉውን ስሙት። የሚከፈተው ስምንት ደቂቃ ያህል በሚረዝመው “ድሪም ዊዚን ኤ ድሪም” ነው፤ ሱዛነ ፍራይታግ የኤድጋር አላን ፖን ግጥም ታነብበታለች። በቀጥታ ከዚህ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሰለቻል፣ ዘፈን እየጠበቀ ንባብ ስለሚመጣበት። ሪሚክሱን ቀድሞ የሰማ ግን ምቱ እንዴት ቀስ እያለ እንደሚቆለል ስለሚከታተል ርዝመቱ አይከብደውም። ከሪሚክሱ ጀምሩ ያልንበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እንዲህ ያለ ባንድ እንዴት ተረሳ የሚለው ነው፤ መልሱም ቀጥሎ ምን እንደምትሰሙ ይወስናል። “ዶክተር ማቡዘ” በ1984 እንግሊዝ ውስጥ 27ኛ ከደረሰ በኋላ ሌብላቸው ፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውድ በተባለው ሌላ ባንዱ ስኬት ተጠመደ። ሁለተኛው ነጠላ ዜማ “ዱኤል” እስኪወጣ ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። ለፖፕ ባንድ ይህ ረጅም ጊዜ ነው፤ ያጨበጨበው ሰው ሌላ ጋ ሄዷል። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ 16ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከዚያ ከሌብሉ ጋር በውል ጉዳይ ተጋጩና ቀጣዩ አልበም “1234” በ1990፣ በሌላ ሌብልና በሌላ ድምፃዊት ወጣ። ስለዚህ “1234”ን ያንኑ ድምፅ ጠብቃችሁ አትክፈቱት፤ ክላውዲያ የለችበትም።

የክላውዲያን ድምፅ ለመከተል የሚፈልግ ከሙዚቀኛው ቶማስ ሊር ጋር “አክት” በሚል ስም በ1988 ያወጡትን አልበም ይፈልግ። የፕሮፓጋንዳን ቅንብር ለሚፈልግ ግን የ2022ቱ “ዘ ሃርት ኢዝ ስትሬንጅ” ይቀድማል፤ ክላውዲያና ሱዛነ “ኤክስ ፕሮፓጋንዳ” በሚል ስም፣ ከያው ፕሮዲውሰር ከስቲቨን ሊፕሰን ጋር የሠሩት ነው። ዶርፐርና ሜርተንስ ደግሞ በ2024 በባንዱ ስም የተሰየመ አልበም በአዲስ ድምፃዊት አወጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ባንዱ በሁለት እንደተከፈለ፣ ድምፁ አንድ ጋ፣ ምቱ ሌላ ጋ እንደቀረ ይሰማል።

ዘዴውን ወደ ሌላ ባንድ ለመውሰድ የሚፈልግ አንድ ነገር ያጣራ፦ ሪሚክሱ በዚያው ዘመን፣ ከዋናው ቴፕ፣ በዚያው ስቱዲዮ ሰዎች የተሠራ ይሁን። ሂዩማን ሊግ በ1982 ያወጡት “ላቭ ኤንድ ዳንሲንግ” ለዚህ ጥሩ ነው፤ የዋናው አልበም ፕሮዲውሰር ማርቲን ራሸንት ራሱ ነው የሠራው። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ሌሎች ዲጄዎች የሠሯቸው ግን ብዙውን ጊዜ ድምፃዊውን ብቻ ወስደው በራሳቸው ምት ላይ ያስቀምጡታል። ለጭፈራ ይሆናሉ፤ ባንዱን ግን አያሳዩም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ የሸክላው ወይም የሲዲው ጀርባ ላይ ያለው የባለሙያዎች ዝርዝር ነው፤ አፑ የሚያሳየው ዓመት ብዙ ጊዜ ድጋሚ የታተመበት ስለሆነ አትመኑት።